ጽንስ የማይጸናላቸው ባልና ሚስት፦ ከደብረ ብርሃን የተገኘ የጉዳይ ጥናት

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እኛ ክሊኒክ ሲመጡ ባልየው 35፣ ሚስትየዋ 29 ዓመታቸው ነበር። እሱ ተወልዶ ያደገው መንዝ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በአይሱዙ ጭነት ያመላልሳል። እሷ የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የተጋቡት በ2008 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አረገዘች፤ ሦስቱም አልጸኑም። አንዱ በ7ኛው፣ አንዱ በ9ኛው፣ አንዱ በ8ኛው ሳምንት ግድም ወረደ። በፌስታል ይዘውት የመጡት የምርመራ ወረቀት ብዙ ነበር፤ ሁሉም በእሷ ስም የወጣ ነው።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ጉዳዩን የምጽፈው በሁለቱም ፈቃድ ነው። ሰው እንዳይለያቸው ጥቂት ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ፤ የምርመራውን ውጤትና የነገሩን አካሄድ ግን አልነካሁም። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነገር አንድ ነው። ሚስት ማርገዟ ባልየው ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ስለተወሰደ ይህች ሴት ለዓመታት ተንገላታለች። በሥራዬ ላይ የማያት ተመሳሳይ ሴት ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም።

ከመምጣታቸው በፊት የሆነው

ሁለተኛው ጽንስ እንደወረደ ዘመድ አዝማዱ «ሾተላይ ነው» አለ። እሷም ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዳ ተጠመቀች፤ ሱባዔ ያዘች። ጸበሉን ዛሬም በምስጋና ነው የምታነሳው፤ እዚያ ማንም «ጥፋቱ ያንቺ ነው» እንዳላላት ነግራኛለች። ሐኪም ቤት ውስጥ ሾተላይ ሲባል የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም ነው፤ ይህ የሚያሰጋው ደግሞ የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነችን ሴት ነው። የእሷ ደም ኦ ፖዘቲቭ ስለሆነ ይህኛው ምክንያት ገና ከጅምሩ ወድቋል።

ከዚያ በኋላ በተለያዩ ክሊኒኮች ስኳሯ ታየ፤ የታይሮይድ ዕጢዋ ታየ፤ የቂጥኝ ምርመራ ተደረገ፤ ማህፀኗ በአልትራሳውንድ ደጋግሞ ታየ። ሁሉም ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ተጠርጋለች። ለወራት የሆርሞን ኪኒን ውጣለች። አንዱ ክሊኒክ ውስጥ «ባለቤቴ አይመርመር?» ብላ ጠይቃ የተሰጣት መልስ፦ «አርግዘሻል እኮ! የባልሽ ዘር ባይሠራ ኖሮ ከየት ታረግዣለሽ?» የሚል ነበር።

ይህ መልስ እውነት ይመስላል፤ ሰውም የሚቀበለው ስለሚመስል ነው። የእርግዝናው መፈጠር የሚያረጋግጠው ግን አንድ ስፐርም እንቁላሉ ጋ ደርሶ መግባቱን ብቻ ነው። ያ ስፐርም ምን ይዞ እንደገባ አይናገርም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የሚወርዱት የክሮሞሶም ቁጥራቸው ወይም ቅርጻቸው ስለተዛባ ነው። ክሮሞሶም ከወላጅ የሚወረሰውን የሚሸከም የሴል ክፍል ነው፤ ሰው በተለምዶ በጥንድ በጥንድ 46 አለው፣ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት። አብዛኛው መዛባት የሚመጣው ከእንቁላሉ በኩል ነው፤ በተለይ የሴቷ ዕድሜ ሲገፋ። እሷ ግን የመጀመሪያውን ያጣችው ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሳለች ነው።

በዚህ መሐል የባልየው እናት «ሌላ ያግባ» ማለት ጀምረው ነበር። አንዳንድ ዘመድ ደግሞ «ሰባት ቤት በደንብ ሳይቆጠር ተጋብተው ይሆናል» እያለ ያንሾካሹክ ነበር። ነገሩን ያበረዱት የንስሐ አባታቸው ናቸው። እናትየውን ጠርተው «በቁርባን ያሰርኩትን በአሉባልታ አልፈታም» አሏቸው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያ ትዳር ያኔ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ልጁ ሌላ ሴት አግብቶ ያንኑ ነገር ይደግም ነበር። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከዚህ በፊትም ይህ ሳይደርስ አልቀረም፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የባልየው ምርመራ

መጀመሪያ እሺ አላለም። «እኔ ምን ሆኜ? ሦስት ጊዜ አላረገዘችም እንዴ?» አለ። ያሳመነችው ሐኪሙም እኔም አይደለንም፤ ሚስቱ ናት። «ከእንግዲህ ክንዴን ለመርፌ አልሰጥም። ተራው የአንተ ነው» ብላ ቁርጡን ነገረችው። በሁለተኛው ቀን ብቻውን መጣ።

ለዘር ፈሳሽ ምርመራ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ እንዳይቀዘቅዝም መጠበቅ አለበት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ደብረ ብርሃን ላይ ቀላል አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ናሙናውን ከቤቱ በጃኬቱ የውጭ ኪስ ይዞ መጣ። በማይክሮስኮፕ ሳየው የሚንቀሳቀሰው ከመቶ 10 እንኳ አይሞላም ነበር። ብርድ የስፐርምን እንቅስቃሴ ያደነዝዛል፤ ቁጥሩን ግን አይለውጥም። ስለዚህ የእንቅስቃሴውን ውጤት ሳላምንበት፣ ቁጥሩን ግን ያዝኩት፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ሚሊዮን።

ሁለተኛውን ናሙና እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ሰጠ። መጠኑ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ቁጥሩ በሚሊ ሊትር 4.6 ሚሊዮን፣ ወደፊት የሚጓዘው 24 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለው 2 በመቶ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዝቅተኛው ልክ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን፣ ወደፊት የሚጓዝ 30 በመቶ፣ የተስተካከለ ቅርጽ 4 በመቶ ነው። የእሱ ጠቅላላ ድምር 11.5 ሚሊዮን ነበር። ዘር አለው፤ ግን በጣም አነስተኛ ነው።

ሐኪሙ አካሉን መረመረው። የዘር ፍሬዎቹ መጠን ደህና ነው። ያበጠ የደም ሥር አልተገኘም። በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ አልያዘውም። የቀዶ ሕክምና ታሪክ የለውም። አረቄ ግን ይወዳል፤ ሥራውም ሙሉ ቀን ከሞተር ሙቀት አጠገብ መቀመጥ ነው፤ ሙቀት ደግሞ የስፐርምን ምርት እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ምክንያቱ ሙቀት ወይም መጠጥ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ ልዩነት መታየት አለበት።

ይህን ሙከራ ዘመኑ ራሱ አደረገው። በዚያ ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ የሚስትየዋ ወላጆች ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን እነሱ ቤት ገቡ፤ አይሱዙው ቆመ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም በሐኪሙ ምክር እስከ የካቲት መጨረሻ መሪ አልጨበጠም፤ አረቄውንም ተወ። ማርና ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽም ጭምር ሲወስድ ከርሟል። ለአንድ ሹፌር ይህ ያህል ጊዜ ያለ ገቢ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በመጋቢት ናሙናውን ደግሜ ቆጠርኩ። ቁጥሩ 4.2 ሚሊዮን ነው። ምንም አልተለወጠም።

ማይክሮስኮፑ የማያየው

እዚህ ላይ የራሴን ሙያ ወሰን ልናገር። እኔ የማየው የስፐርሙን ብዛት፣ አካሄድና ቅርጽ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ የታሸገውን ክሮሞሶም አላይም። ጭንቅላቱ የተስተካከለ፣ ጅራቱ የሚወናጨፍ፣ ፈጣን ስፐርም የተዛባ የክሮሞሶም ቁጥር ሊሸከም ይችላል። ሳይንሱም ቢሆን በሰው ስፐርም ውስጥ ያለውን ክሮሞሶም በቀጥታ ያየው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የሰው ስፐርም ከሃምስተር እንቁላል ጋር እንዲዋሐድ ተደርጎ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠረው። ዛሬ በክሮሞሶሞቹ ላይ የሚያበራ ቀለም በማጣበቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ስፐርሞችን ማየት ይቻላል።

በዚህ ዘዴ የተገኘው ነገር ትልቅ ነው። ፍጹም ጤነኛ የሆነ፣ ልጆች የወለደ ወንድም ቢሆን ከስፐርሞቹ ጥቂቶቹ የተዛቡ ናቸው። ከሺህ አንድ ያህሉ የአንድን ክሮሞሶም ትርፍ ቅጂ ይይዛል፤ ይህ ለእያንዳንዱ ክሮሞሶም ነው። 21ኛው፣ 22ኛውና የጾታ ክሮሞሶሞቹ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ይሳሳታሉ። የዘር ቁጥራቸው ዝቅተኛ በሆኑ ወንዶች ላይ ይህ ስሕተት ከፍ ይላል፤ የራሳቸው የደም ክሮሞሶም 46 ሆኖ ሳለ እንኳ። ምክንያቱም ስፐርም የሚሠራበት መንገድና ክሮሞሶም የሚከፋፈልበት መንገድ አንድ ነው። ጥንዶቹ ክሮሞሶሞች በትክክል ካልተገናኙ ሴሉ ወይ ይሞታል፣ ወይ ተሳስቶ ያልፋል። የሞተው ቁጥሩን ያሳንሳል፤ ያለፈው ጽንሱን ያበላሻል።

ያ ስሕተት በልጆች ላይም ይታያል። ኤክስ የተባለውን የጾታ ክሮሞሶም አንድ ብቻ ይዘው የሚወለዱት፣ ተርነር ሲንድሮም ያለባቸው ሴቶች፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የጎደላቸው የአባታቸው ድርሻ ነው። ክላይንፌልተር ሲንድሮም ባለባቸው ወንዶች ከሚገኘው ትርፍ ኤክስ ግማሽ ያህሉ ከአባት የመጣ ነው። ዳውን ሲንድሮም ግን በአብዛኛው የሚመጣው በእናት በኩል ነው። ለአባትም ለእናትም ሳያደሉ መናገር የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

ዘሩ ከ5 ሚሊዮን በታች የሆነ ወንድ የደም ክሮሞሶሙ እንዲታይ ይመከራል። ጽንስ በተደጋጋሚ ሲወርድም የባልም የሚስትም እንዲታይ ይመከራል። እነዚህ ባልና ሚስት በሁለቱም በኩል ይገቡበታል። የመውለድ ችግር ካለባቸው ወንዶች ከመቶ 5 ያህሉ፣ ጭራሽ ስፐርም ከማይገኝባቸው ደግሞ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆኑት የክሮሞሶም መዛባት ይገኝባቸዋል። ከነዚህ አብዛኞቹ ክላይንፌልተር ያለባቸው ናቸው፤ 46 ሳይሆን 47 ክሮሞሶም አላቸው። የእሱ የዘር ፍሬዎች መጠን ደህና ስለነበረ ሐኪሙ ያንን አልጠበቀም፤ የጠረጠረው ሌላ ነው።

ውጤቱ፦ 45

ለካርዮታይፕ፣ ማለትም ለክሮሞሶም ቆጠራ ምርመራ፣ የሚወሰደው ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ የሄፓሪን ቱቦ ነው የሚቀዳው፤ ነጭ የደም ሴሎቹ ሕያው ሆነው መድረስ አለባቸው። ሦስት ቀን ያህል በማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ይባዛሉ፤ ሊከፈሉ ሲሉ በመድኃኒት ይገታሉ፤ ከዚያ ክሮሞሶሞቹ ቀለም ገብቶባቸው አንድ በአንድ ይደረደራሉ። የሁለቱንም ደም ከቀዳሁ በኋላ አዲስ አበባ ባለ ላቦራቶሪ አማካይነት ወደ ውጭ አገር ተላከ። ወጪው ለእነሱ ከባድ ነበር፤ የእሷ የስፌት ቁጠባ ነው የከፈለው።

የእሷ ውጤት 46፣ ደህና። የእሱ 45። በ13ኛውና በ14ኛው ክሮሞሶም መካከል ሮበርትሶኒያን ትራንስሎኬሽን የሚባል መጣበቅ አለ።

«አንድ ጎደለኝ ማለት ነው?» አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ሳለለት። 13፣ 14፣ 15፣ 21 እና 22ኛ ክሮሞሶሞች አንደኛው ክንዳቸው በጣም አጭር ነው። አንዳንዴ ሁለቱ አጫጭር ክንዳቸውን ጥለው በረጃጅሙ በኩል ይጋጠማሉ። የጠፋው አጭር ክንድ የያዘው ነገር በሌሎቹ ላይም ስላለ ሰውየው ምንም አይጎድለውም። አይታመምም፤ አእምሮውም ጉልበቱም እንደማንኛውም ሰው ነው። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ሮበርትሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916፣ በፌንጣዎች ላይ። ከሺህ ሰው አንድ ያህሉ እንዲህ ያለ መጣበቅ ይዞ ይኖራል፤ የ13ና የ14ቱ ደግሞ ከሁሉም የበዛው ነው።

ችግሩ የሚመጣው ማካፈል ላይ ነው። ሐኪሙ የገበሬ ልጅ ስለሆነ በገበሬ ቋንቋ ነገረው። «አባት ለሁለት ልጆቹ በሬ ያወርሳል እንበል» አለው፤ «ለእያንዳንዳቸው አንድ 13ና አንድ 14 ይገባቸዋል። አባት ያሉት ግን አንድ ነጠላ 13፣ አንድ ነጠላ 14፣ እና ከቀንበር የማይፈቱ አንድ ጥማድ 13ና 14 ናቸው። ጥማዱ ለአንዱ፣ ሁለቱ ነጠላዎች ለሌላው ከደረሱ ድርሻቸው እኩል ነው። ጥማዱ ከአንዱ ነጠላ ጋር ለአንደኛው ከሄደ ግን ለእሱ አንድ በሬ ይተርፈዋል፤ ለወንድሙ ይጎድለዋል።» ባልየው ወረቀቱን አዙሮ አዙሮ አየና ራሱ ቆጠረው፤ ስድስት ዓይነት ድርሻ ይወጣል። አንዱ ሙሉ በሙሉ ደህና፣ አንዱ እንደ አባቱ ጥማዱን የያዘ፣ አራቱ የተዛቡ።

ስድስቱ ግን እኩል ዕድል የላቸውም፤ ሰው የሚደነግጠው ይህን ስለማይነገረው ነው። ይህን መጣበቅ በሚሸከሙ በብዙዎቹ ወንዶች ላይ ከመቶው ስፐርም 80 እስከ 90 የሚሆነው በደህናው መንገድ ነው የሚከፈለው። የተቀረው የተዛባ ነው። 13ኛው ወይም 14ኛው የጎደለበት ጽንስ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወርዳል። 14ኛው የተረፈበትም እንዲሁ። 13ኛው የተረፈበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፤ አልፎ አልፎ ግን ከባድ ጉዳት ይዞ ሊወለድ ይችላል። አባት ተሸካሚ ሲሆን የዚህ ዕድል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

ለምን ቁጥሩ እንዳነሰም ያው ወረቀት ላይ አለ። ስፐርም በሚሠራበት ጊዜ ጥማዱና ሁለቱ ነጠላዎች ሦስት ሆነው ለመገናኘት ይሞክራሉ። መገናኘቱ ያልተሳካላቸው ሴሎች በሰውነቱ ተለይተው ይጠፋሉ። ቢጠፉም ቁጥሩን ይዘው ነው የሚጠፉት። አረቄውን ቢተውም መሪውን ባይጨብጥም ያ ቁጥር ያልተነቃነቀው ለዚህ ነው። ሁሉም ተሸካሚ ግን ቁጥሩ አያንስም፤ አንዳንዱ ምርመራው ፍጹም ደህና ሆኖ ሳለ ተሸካሚ ይሆናል። ስለዚህ የጽንስ መውረድ ሲደጋገም የዘር ፈሳሹ ምርመራ ደህና መሆኑ የክሮሞሶሙን ምርመራ አያስቀርም።

ሌላ ዓይነት መዛባት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር። የሁለት ክሮሞሶሞች ቁራጭ ቦታ በተለዋወጠበት ሰው ላይ ከስፐርሙ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የተዛባ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ የተገኘው ከሁለቱ ቀለል ያለው ነው፤ ሐኪሙም ይህን ሳይነግረው አላሰናበተውም።

የቤተሰቡ ዝርዝር

ይህ መጣበቅ አልፎ አልፎ አዲስ ሆኖ ይፈጠራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከወላጅ የሚወረስ ነው። ሐኪሙ የዘር ሐረግ መሥራት ፈለገ፤ በዚህ ረገድ የመንዝን ሰው የሚያህል ምቹ አላየሁም። የባልየው እናት ክሊኒክ መጥተው ሰባት ቤታቸውን በአባትም በእናትም ቆጠሩልን። ዘሩን እንጂ ጽንሱን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ሲጠየቁ ግን ዝግ ብለው «እኔም እኮ ሦስት ወርዶብኛል ልጄ» አሉ። አምስት ልጆች በሕይወት ስላሉ ሦስቱን ማንም አልቆጠራቸውም።

የእሳቸው ወንድም፣ የባልየው አጎት፣ ሦስት ሚስት አግብቶ ሦስቱንም «አትወልድም» ብሎ ፈትቶ ልጅ ሳያይ ሞቷል። እሱ ስላልተመረመረ ተሸካሚ ነበር ብዬ አልጽፍም። እናትየውም አልተመረመሩም። ሁለተኛዋ ሚስቱ ግን ከሱ ከተፋታች በኋላ ሌላ አግብታ አራት ልጆች ወልዳለች፤ ይህንን ራሳቸው እናትየው ናቸው የነገሩን፤ እየነገሩንም አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ «ሌላ ያግባ» የሚለውን ቃል ከአፋቸው የሰማው የለም። ምራታቸውን ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋታል።

ስለ «ሰባት ቤቱ» ጥርጣሬም መልስ ተገኘ። ባልና ሚስቱ አይዛመዱም፤ ቢዛመዱም ይህ ዓይነቱ መጣበቅ ከመዛመድ የሚመጣ አይደለም። ከአንድ ወላጅ ብቻ ይበቃል።

የመረጡት መንገድ

ሐኪሙ ያሉትን አማራጮች ሁሉ ዘርዝሮ ነገራቸው። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያውን የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። በላቦራቶሪ ውስጥ አንድን ስፐርም መርጦ እንቁላል ውስጥ በመርፌ ማስገባት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በዚህ ዘዴ የተፀነሰው የመጀመሪያ ልጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዘዴው ቁጥሩ ላነሰ ወንድ ትልቅ በረከት ነው። ግን የሚመረጠው ስፐርም የሚታየው ከውጭ ነው። ክሮሞሶሙን ለመለየት ጽንሱ ማህፀን ከመግባቱ በፊት ከሱ ጥቂት ሴል ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ሌላ ወጪና ሌላ ጉዞ ነው። የሌላ ሰው ዘር መጠቀም፣ የጉዲፈቻ ልጅ ማሳደግም ተነስተዋል። የመጀመሪያውን እምነታቸው አልፈቀደላቸውም። ማሳደጉን «እግዚአብሔር ካለ ከራሳችን ጋር ደርበን» ብለው አቆዩት።

ውሳኔያቸውን ያቀለለላቸው አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ይህ ጥናት ጽንስ የወረደባቸውን ባልና ሚስቶች ለዓመታት ተከታትሏል። ከሁለቱ አንዳቸው የክሮሞሶም መጣበቅ ወይም መለዋወጥ የሚሸከሙባቸው ቤተሰቦች 83 በመቶ፣ የማይሸከሙባቸው ደግሞ 84 በመቶ ቢያንስ አንድ ጤነኛ ልጅ አግኝተዋል። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ተሸካሚዎቹ ግን በመንገዱ ላይ ብዙ ጽንስ አጥተዋል። ሐኪሙ ሁለቱንም ግማሽ ነው የነገራቸው፤ ልጅ የማግኘት ተስፋው ትልቅ ነው፣ ሌላ ጽንስ ማጣትም ሊኖር ይችላል። እሷ «ምክንያቱን ካወቅሁ እችለዋለሁ» አለች። በተፈጥሮ መንገድ ለመቀጠል ወሰኑ።

በ2015 አራተኛው እርግዝና መጣ፤ በ6ኛው ሳምንት ወረደ። ከፊተኞቹ ግን ይለያል፦ አልተጠረገችም፣ ኪኒን አልተሰጣትም፣ ማንም አልወቀሳትም። ባልየው ሥራ ትቶ አብሯት ተቀመጠ።

በ2016 አምስተኛው ያዘ። 16ኛው ሳምንት ላይ የሽርት ውኃ ተወስዶ የጽንሱ ክሮሞሶም ሊታይ እንደሚችል ተነገራቸው፤ መርፌው ራሱ ጥቂትም ቢሆን ጽንስ የማስወረድ ዕድል ስላለው አልፈለጉም። በምትኩ 20ኛው ሳምንት ላይ ልብ፣ አንጎል፣ ፊትና እጅ እግር በጥንቃቄ የሚታይበት አልትራሳውንድ አደረጉ፤ 13ኛው ክሮሞሶም የተረፈበት ጽንስ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ላይ ይታያል። ምንም አልተገኘም። በ2017 መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ላይ 2.9 ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ ወለደች።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ እኛ ክሊኒክ ሁለት ጽንስ ያጣች ሴት ስትመጣ የባልየው ናሙና እዚያው ቀን ይታዘዛል፤ ናሙናውን ከቤት ለሚያመጣውም ከብብቱ ሥር ይዞ እንዲመጣ በጽሑፍ ይሰጠዋል። የካርዮታይፕ ምርመራ ለሁሉም ማዘዝ አንችልም፤ ውድ ነው። የሁለቱንም ጎን ቤተሰብ ስለ ወረደ ጽንስ መጠየቅ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እናትየውን ለብቻቸው አስቀምጦ ማዳመጥ ነው።

የባልየው ታናሽ ወንድም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ተመርምሯል፤ 46 ነው። ሁለቱ እህቶቹ ገና አልተመረመሩም፤ ታላቂቱ ሁለት ልጆች አሏት፣ ታናሺቱ አላገባችም። የተወለደችው ሕፃንም እንደ አባቷ ጥማዱን የመያዝ ዕድሏ ግማሽ ነው። አባትየው ቶሎ እንድትመረመር ፈልጎ ነበር። እናትየው «ሳታውቀው አይደረግባት» አለች። ሐኪሙም ጤነኛ ሕፃንን ለወደፊት የመውለድ ጉዳይ መመርመር እንደማይመከር፣ ዕድሜዋ ሲደርስ ራሷ እንድትወስን ቢቆይ እንደሚሻል ነገራቸው። በዚሁ ተስማምተዋል።